የራስን ደም ለፊት፦ ፒአርፒ ለመሠራት ለሚያስቡ የደረጃ በደረጃ መመሪያ

ከክንድ ጥቂት ደም ይቀዳል፤ በማሽን ይሽከረከራል፤ ፕሌትሌት የበዛበት ቢጫ ፈሳሽ ይለያል፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ ፊት ቆዳ ይገባል። ፒአርፒ የሚባለው ሕክምና በአጭሩ ይኸው ነው። ሲተዋወቅ ታዲያ “የራስዎ ደም ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም” የሚል ማባበያ አይለየውም። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። ሰውነት የራሱን ደም እንደ ባዕድ አይቆጥርም፤ አለርጂ የመቀስቀስ ዕድሉም እጅግ አነስተኛ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ያለው በሠሪው እጅ ነው። ወደ ፊትዎ የሚመለሰው ደም በእርግጥ የእርስዎ ካልሆነ፣ መርፌው ለእርስዎ ብቻ ካልተከፈተ፣ ፈሳሹም በትክክል ካልተለየ፣ “የራስ ደም” የሚለው ቃል ብቻውን አያድንም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው ተገልጋዩ በዓይኑ ሊያየውና በአፉ ሊጠይቀው በሚችለው ነገር ላይ ነው። የሐኪም ምክርን አይተካም፤ ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ግን ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ያውቃሉ።

ደረጃ 1፦ ከሕክምናው የሚፈልጉትን ይለዩ

ፕሌትሌት ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ጥቃቅኑ የደም ክፍል ነው። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕሌትሌቶች ይገኛሉ። ቆዳ ሲቆረጥ ቁስሉን ይደፍናሉ፤ በዚያው ቅጽበት በውስጣቸው ያከማቿቸውን የዕድገት ፕሮቲኖች ይለቃሉ። ፕሮቲኖቹ ኮላጅን የሚሠሩትን ሕዋሳት ይቀሰቅሳሉ፤ አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮች እንዲበቅሉም ያግዛሉ። ፒአርፒ ፕሌትሌቶቹን ብዙውን ጊዜ ከመደበኛው ከ3 እስከ 5 እጥፍ አጠራቅሞ፣ ይህ የጥገና ሥራ በተፈለገው ቦታ እንዲካሄድ ለማድረግ የሚሞክር ዘዴ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች አጥንት ሲተክሉ ተጠቅመውበታል፤ ከዚያ የስፖርት ሐኪሞች ለጅማትና ለመገጣጠሚያ፣ የቆዳ ሐኪሞች ደግሞ ለፀጉር መሳሳት ወሰዱት። ፊት ላይ መሠራቱን በዓለም ያስወራው ግን በ2013 አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን ዝነኛ ኪም ካርዳሺያን ደም የለበሰ ፊቷን ፎቶ አንሥታ ማሳየቷ ነው። “የቫምፓየር ፌሻል” የሚለው ስምም ከዚያ ወዲህ ገነነ።

ከፒአርፒ ሊጠበቅ የሚችለው ለውጥ መጠነኛ ነው፦ የቆዳ ልስላሴ፣ የደበዘዘ ፊት መፍካት፣ ጥቃቅን መስመሮች መሳሳት፣ በተለይ ከማይክሮኒድሊንግ (ቆዳን በጥቃቅን መርፌዎች ከመበሳሳት) ጋር ሲሠራ ደግሞ ቀለል ያለ የብጉር ጠባሳ መሻሻል። የማይሠራውን ማወቅም ያንኑ ያህል ይጠቅማል። ቅንድብ በማኮሳተር የሚመጣውን ጥልቅ መስመር አያጠፋም፤ ያ የቦቶክስ ሥራ ነው። የጎደጎደ ጉንጭ አይሞላም፤ ያ የፊለር ሥራ ነው። የተንጠለጠለ ቆዳም አያነሣም። ማድያት ካለብዎ መጀመሪያ የሚታሰበው ሰንስክሪንና ሐኪም የሚያዝዘው ክሬም እንጂ ፒአርፒ አይደለም። የዓይን ሥር ጥቁረትም ከቤተሰብ የወረሱት ቀለም ወይም ከጉድጓዱ የሚመጣ ጥላ ከሆነ በደም ፈሳሽ አይፋቅም።

ማስረጃውስ? በ2018 “ጃማ ደርማቶሎጂ” በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን በሚገባ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ በእያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ጉንጭ ላይ ፒአርፒ፣ በሌላው ላይ ተራ ሳላይን (የጨው ውሃ) ወጉ፤ የትኛው የት እንደገባ ግን አልነገሯቸውም። ከ6 ወር በኋላ ተሳታፊዎቹ ፒአርፒ የገባበት ጉንጭ ይበልጥ እንደለሰለሰና መጨማደዱ እንደቀነሰ ተናገሩ። ምስጢሩን የማያውቁት ገምጋሚ ሐኪሞች ግን በሁለቱ ጉንጮች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የተሰጠውም አንድ ዙር ብቻ ነበር። ቢሆንም “10 ዓመት ወጣት ያደርጋል” የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ያስታውሱት።

ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ሰንስክሪን በየቀኑ፣ የትሬቲኖይን ክሬም ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ ማታ ማታ ቢያንስ ለ6 ወር ተጠቅመው ያውቃሉ? ትሬቲኖይን ጥቃቅን መጨማደድን ለማለዘብ ከ1995 ጀምሮ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተፈቀደ ነው። የፊት ፒአርፒ እንዲህ ያለ ፈቃድ የለውም። በዚያው አገር የሚሸጡት የፒአርፒ መሣሪያዎች የተፈቀዱት በዋናነት ለአጥንት ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ ፊት ላይ የሚውሉት በሐኪሙ ውሳኔና ኃላፊነት ነው። በርካሹና በተፈተነው ሳይጀምሩ ወደ ውዱ መዝለል አያዋጣም።

ደረጃ 2፦ ለእርስዎ የሚሆን መሆኑን ያጣሩ

ጥሩ ባለሙያ መርፌ ከማንሣቱ በፊት ስለ ጤናዎ ብዙ ይጠይቃል። ሳይጠይቅ ቀጠሮ የሚሰጥ ካጋጠመዎ ጉዳዩን ራስዎ ያንሡት። ከሚከተሉት አንዱ ካለብዎ ፒአርፒን ይተዉት፤ አለዚያም የሚከታተልዎ ሐኪም ሳያውቅ አይጀምሩ፦

• የፕሌትሌት ማነስ ወይም ሌላ የደም መርጋት ችግር። ፕሌትሌት ከሌለ የሚጠራቀም ነገርም የለም።

• ዋርፋሪንን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድ።

• በሕክምና ላይ ያለ ወይም በቅርቡ የታከመ ካንሰር፣ በተለይ የደምና የቆዳ።

• እርግዝና ወይም ጡት ማጥባት። ሕክምናው ለውበት ስለሆነ ማዘግየቱ የሚያጎድለው ነገር የለም።

• ፊት ላይ ያለ ኢንፌክሽን፣ መግል የያዘ ብጉር ወይም ያልዳነ ቁስል።

• ቁስል ሲድን ከመጠን በላይ የሚያብጥ ቆዳ፣ ማለትም የኬሎይድ ዝንባሌ። ጆሮዎን ሲበሱ ወይም ክትባት ሲወጉ አብጦ የቀረ ጠባሳ ካለ ያሳዩ።

• ለብጉር የሚዋጥ አይሶትሬቲኖይን በቅርብ ወራት መውሰድ።

ከንፈርዎ ላይ ምች የሚወጣብዎ ከሆነም አይደብቁ። የምቹ ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፤ መርፌ ሊቀሰቅሰው፣ በተበሳሳው ቆዳም ሊዛመት ይችላል። ሐኪሙ አስቀድሞ አሲክሎቪር ሊያዝልዎ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ፣ ወይም ኤችአይቪ በደምዎ ውስጥ ካለም ለሐኪሙ ይንገሩ። ለእርስዎም ሆነ ለሠራተኛው ደኅንነት ይጠቅማል፤ ጥሩ ባለሙያም ምስጢርዎን ይጠብቃል።

አሁን ወደ ቆዳችን ጉዳይ እንግባ። ጠይምና ጥቁር ቆዳ በትንሹ ከተቆጣ ጥቁር ምልክት ትቶ ያልፋል። ብጉር ጠፍቶ ጥቁሩ ነጠብጣብ ለወራት መቅረቱን የማያውቅ የለም። ማይክሮኒድሊንግ ቆዳውን ስለማያቃጥል ከአንዳንድ ጠንካራ ሌዘሮች ይልቅ ለጥቁር ቆዳ ይመረጣል። ሆኖም መርፌው ከሚገባው በላይ ከጠለቀ፣ ወይም ዙሩ ሳይራራቅ ከተደጋገመ፣ ያው ጥቁረት ይመጣል። “እንደ እኔ ያለ ቆዳ ያለውን ሰው ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ፎቶ ማየት እችላለሁ?” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ማቅያ ክሬም የሚቀቡ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው ቅባቶች ቆዳን ያሳስሳሉ፤ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ወደ ላይ ያወጣሉ፤ ቁስል እንዳይድን ያዘገያሉ። እንዲህ ባለ ፊት ላይ መርፌ ከማንከባለል በፊት ቆዳው ማገገም አለበት። ክሬሙን ግን በአንድ ቀን ቆርጠው አይጣሉ፤ ለረጅም ጊዜ የተቀቡት ስቴሮይድ በድንገት ሲቆም ፊት ሊቀላ፣ ሊቃጠልና በብጉር ሊሸፈን ይችላል። ዕቃውን ይዘው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና አወጣጡን በደረጃ ይቀበሉ። ፒአርፒው ይጠብቃል።

ደረጃ 3፦ ባለሙያውንና ቤቱን ይፈትሹ

ይህ ደረጃ ለምን እንደማይዘለል አንድ እውነተኛ ታሪክ ይበቃል። በ2018 በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ግዛት አንዲት ሴት ኤችአይቪ ተገኘባት፤ ለቫይረሱ የተጋለጠችበት የሚታወቅ መንገድ ግን አልነበረም። ያስታወሰችው ነገር በዚያው ዓመት በአንድ ስፓ በማይክሮኒድሊንግ የተሠራችውን ፒአርፒ ነበር። መርማሪዎች ስፓውን ሲፈትሹ ስም ያልተጻፈባቸው የደም ቱቦዎች በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ሌሎቹም በፍሪጅ ውስጥ ከምግብ ጋር ተቀምጠው አገኙ። ከማሸጊያቸው የወጡ ስሪንጆች በየመሳቢያው ነበሩ፤ የተጣሉትም በተራ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነበር። ዕቃ መቀቀያ ኦቶክሌቭ አልነበረም፤ የሥራ ፈቃድም አልነበረም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2024 ባወጣው ዘገባ ቫይረሱ በዚያ ስፓ ለደንበኞች መተላለፉን የቫይረሱን የዘር ተመሳሳይነት ጭምር አይቶ አረጋገጠ። የስፓው ባለቤት በ2022 ያለ ፈቃድ ሕክምና በመስጠት ጥፋተኝነቷን አምና ለእስራት ተዳርጋለች።

እነዚያ ሴቶች የከፈሉት ለራሳቸው ደም ነበር። ጥፋቱ የፒአርፒው ሳይሆን የአሠራሩ ነው፤ ሊታይ የሚችልም ጥፋት ነበር። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ይህን ይከተሉ።

በመጀመሪያ ፈቃድ። ደም መቅዳትና ቆዳን በመርፌ መብሳት የሕክምና ሥራ ነው፤ የፀጉር ቤት ወይም የማሳጅ ቤት ንግድ ፈቃድ አይሸፍነውም። በኢትዮጵያ የተቋሙ የብቃት ማረጋገጫና የባለሙያው የሙያ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ካልታየ “ላየው እችላለሁ?” ይበሉ። ዱባይ ከሆኑ የከተማዋ የጤና ባለሥልጣን፣ አሜሪካ ከሆኑ የየግዛቱ የሕክምና ቦርድ፣ እስራኤል ከሆኑ ጤና ሚኒስቴር ፈቃድ ያላቸውን ሐኪሞች መዝግበው ይዘዋል፤ የሐኪሙን ስም ማጣራት ይቻላል። በአገር ልጅነት የሚታወቅ ሰው አፓርታማው ውስጥ በቅናሽ እሠራለሁ ቢልዎ አመስግነው ይለፉት።

ቀጥሎ ስልክ ይደውሉና እነዚህን ይጠይቁ፦

• ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ሐኪም ነው ወይስ ረዳት? ችግር ቢፈጠር ሐኪሙ በዚያ ሰዓት በቦታው ይገኛል?

• የምትጠቀሙት ቱቦ ለፒአርፒ የተሠራ ነው? ስሙ ማን ይባላል?

• የሚሠራው በማይክሮኒድሊንግ ነው ወይስ በመርፌ በመውጋት? ለእኔ ችግር ለምን ያኛው ተመረጠ?

• የምትመክሩት ስንት ዙር ነው? አጠቃላይ ዋጋው ስንት ነው? ማደንዘዣውና የክትትል ቀጠሮው በዚያ ውስጥ አለ?

መልሱ ሲንዛዛ፣ ወይም “ና ብቻ፣ ስትመጣ እንነጋገራለን” ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። የጤና ኢንሹራንስ ለውበት የሚሠራን ፒአርፒ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፤ ወጪው ከኪስዎ ነው። አስቀድሞ የ6 ዙር ጥቅል ለመሸጥ የሚቸኩልን ቤትም አይመኑ፤ አንድ ዙር ሳይታይ ስድስት አይገዛም።

ደረጃ 4፦ ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ይዘጋጁ

ቀኑን ሲመርጡ ከሠርግ፣ ከምርቃት ወይም ከጉዞ ቢያንስ 2 ሳምንት ያርቁት። መበለዝ እስከ 10 ቀን ሊቆይ ይችላል።

ሙሉ የደም ምርመራ ካላደረጉ ያድርጉ፤ የፕሌትሌትዎ ቁጥር እዚያ ላይ ይገኛል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን የመሳሰሉ ሕመም ማስታገሻዎች የፕሌትሌትን ሥራ ስለሚያዳክሙ ከ7 ቀን በፊት ይተዉአቸው፤ ራስዎን ካመመዎ ፓራሲታሞል ይበቃል። ሐኪም ለልብ ወይም ለደም ሥር ያዘዘልዎን አስፒሪን ግን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። መጨማደድ ሊቀንስ ተብሎ የልብ መድኃኒት አይቋረጥም። የዓሣ ዘይትና የቫይታሚን ኢ እንክብል፣ የነጭ ሽንኩርት ወይም የዝንጅብል እንክብል የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ወጥ ውስጥ የሚገባው ሽንኩርት አያሳስብም።

ትሬቲኖይንና ቆዳ የሚልጡ አሲዶችን ከ3 እስከ 5 ቀን በፊት ያቁሙ። በክርም ሆነ በሰም የፊት ፀጉር ማስነሣትን በዚያ ሳምንት ይዝለሉት። በፀሐይ የተቃጠለ ፊት ይዘው አይሂዱ።

ምግብን በተመለከተ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ባዶ ሆድ አይሂዱ፤ ደም ሲቀዳ ማዞርና ራስን መሳት ብዙውን ጊዜ በርሃብና በውሃ ጥም ይባባሳል። የሚጾሙ ከሆነ ቀጠሮውን ከጾም ሰዓት በኋላ ወይም ከፍስክ ቀን ጋር ያጣጥሙት። ሁለተኛው፣ በቀጠሮው ዋዜማና ጧት ቅቤ የበዛበትን ምግብ ያስቀሩ። ክትፎ ወይም ዶሮ ወጥ በደንብ ከተበላ በኋላ የተቀዳ ደም ሲሽከረከር ፕላዝማው ከመጥራት ይልቅ ወተት እንደተቀላቀለበት ይደፈርሳል፤ ያ በደም ውስጥ የሚንሳፈፈው ስብ ነው። ቀላል ምግብና ብዙ ውሃ ይሻላል፤ ውሃ የጠጣ ሰው የደም ሥሩም ቶሎ ይገኛል።

በመጨረሻ፣ ፊትዎን ሳይኳሉና ሳይቀቡ በመስኮት ብርሃን፣ ከፊትና ከሁለቱ ጎኖች ፎቶ ያንሡ። ሰዓቱንና ቦታውን ያስታውሱ። ይህ ፎቶ ኋላ ላይ ዳኛ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ቱቦውን ከዓይንዎ አይለዩት

በቀጠሮው ቀን ዋናው ሥራዎ ማየት ነው። ለፊት የሚቀዳው ደም ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ ደም ለጋሽ ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሠራተኛው እጁን ታጥቦ አዲስ ጓንት ያድርግ፤ መርፌው ከታሸገበት እፊትዎ ይከፈት፤ ያገለገለው መርፌ ተመልሶ ወደ ትሪው ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክሱ ይግባ።

ከዚያ ወደ ቱቦው ይመልከቱ።

ስም፦ ሙሉ ስምዎና የካርድ ቁጥርዎ ወይም የልደት ቀንዎ ቱቦው ላይ እዚያው እፊትዎ ይጻፍ። “ዛሬ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ” የሚል መልስ አይበቃም። ፈሳሹ ወደ ስሪንጅ ሲዛወርም ስሙ አብሮ ይዛወር።

ክዳን፦ ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ቱቦ ለተራ የደም ምርመራ የሚውለው ነው፤ በውስጡ ያለው ኢዲቲኤ ፕሌትሌቶችን ስለሚጎዳ ለፒአርፒ አይመረጥም። ለፒአርፒ የሚመረጡት ቱቦዎች በአብዛኛው ሲትሬት ያለባቸው ሲሆኑ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋሉ። ከሁሉ የሚያሳስተው ላቦራቶሪ ለሴረም የሚጠቀምበት ወርቅማ ክዳን ያለው ቱቦ ነው። እሱ የተሠራው ደሙ እንዲረጋ ነው፤ ፕሌትሌቶቹ በረጋው ደም ተይዘው ከታች ይቀራሉ፤ ከላይ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ ሴረም እንጂ ፒአርፒ አይደለም። ሁለቱ በዓይን ስለማይለዩ ማሸጊያውን ያንብቡ፤ ለፒአርፒ የተሠራ መሆኑና የአገልግሎት ጊዜው ተጽፎበት ያገኙታል። ጄል መኖሩ ብቻውን ምልክት አይሆንም፤ የፒአርፒ ቱቦዎችም ጄል ሊኖራቸው ይችላል።

ሽክርክሪት፦ ሴንትሪፊውጁ እንደ መሣሪያው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይሠራል። ሲቆም፣ ጠላ ሲሰክን አተላው እንደሚዘቅጥ ሁሉ፣ ቀዩ ደም ከታች ሰክኖ ያገኙታል። ከእሱ በላይ ስስ ነጭ ንጣፍ፣ ከዚያ በላይ ቢጫው ፕላዝማ አለ። ፕሌትሌት የሚበዛው ከነጩ ንጣፍ አጠገብ ባለው የፕላዝማው የታችኛው ክፍል ነው፤ ከላይኛው ብቻ ቀድቶ መስጠት ፕሌትሌት የሳሳበትን መስጠት ነው። ቱቦውን ያሳዩኝ ይበሉ፤ ከየት እንደሚቀዳም ይጠይቁ።

ቀለም፦ ጥሩው ፈሳሽ ገለባ የመሰለ ቢጫ ነው። ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ቀይ የደም ሕዋሳት ገብተውበታል ወይም ፈንድተዋል፤ እሱን ቆዳ ውስጥ ማስገባት መቆጣትን ያበዛል።

ጊዜ፦ ፈሳሹ እንደተለየ ሳይውል ሳያድር በዚያው ቀጠሮ ይሠራበታል። “ትርፉን ለሚቀጥለው ዙር ፍሪጅ አስቀምጥልሃለሁ” ከተባሉ እምቢ ይበሉ፤ የተረፈው እፊትዎ ይጣል።

ደረጃ 6፦ ፊት ላይ ሲሠራ

ፊትዎ ከታጠበና በጸረ ተሕዋስያን ከተጠረገ በኋላ ማደንዘዣ ክሬም ተቀብቶ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። ክሬሙ ፊት ላይ ብቻ፣ በሐኪሙ ልክ ይቀባ፤ አንገትና ደረት ላይ በብዛት ተቀብቶ ከተሸፈነ ሊዶኬይኑ ወደ ደም ገብቶ ማዞርና የልብ ምት መዛባት ሊያመጣ ይችላል።

በማይክሮኒድሊንግ ከሆነ ጥቃቅን መርፌዎች ያሉት ብዕር መሰል መሣሪያ ቆዳውን ይበሳሳል፤ ፈሳሹም ላዩ ላይ ይፈስሳል። የብዕሩ ጫፍ የአንድ ሰው፣ የአንድ ጊዜ ዕቃ ነው፤ ከማሸጊያው ሲወጣ ይዩት። በመርፌ ከሆነ ፈሳሹ በስስ መርፌ በየቦታው በጥቂቱ ይወጋል፤ ለዓይን ሥር ጫፉ ድፍን የሆነ ካኑላ የሚጠቀሙ ሐኪሞችም አሉ።

በቅንድቦች መካከልና በዓይን ዙሪያ መውጋት የላቀ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እዚያ ያሉት የደም ሥሮች ዓይንን ከሚመግቡት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ፒአርፒ በዚያ አካባቢ ከተወጋ በኋላ የማይመለስ ዓይነ ስውርነት የደረሰበት ሰው በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። አደጋው ብርቅ ነው፤ ሆኖም ቦታውን የፊትን የደም ሥር ካርታ ለሚያውቅ ሐኪም ብቻ ይስጡ። ሌላም አለ፦ ቆዳው ከተበሳሳ በኋላ “ለማፍካት” ተብሎ ለመዋቢያ የተሠራ የቫይታሚን ሲ ሴረም እንዲቀባልዎ አይፍቀዱ። ላዩ ላይ ለመቀባት የተሠራ ነገር በቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲገባ ለወራት የሚቆይ እብጠት እንዳስከተለ ተመዝግቧል።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ሳምንት

በዚያው ቀን ፊትዎ ቀይና ትኩስ ይሆናል፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ከመታየት ይልቅ የመጥበብና የመቃጠል ስሜት ይበረታል። ቢያንስ ለ6 ሰዓት አይታጠቡ፤ በእጅዎም አይነካኩት። ሕመም ካለ ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ አይቡፕሮፌንን ለአንድ ሳምንት ይራቁ።

በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሜካፕ፣ ስፖርት፣ ስቲምና ሳውና፣ ዋናም ይቅር። ወይባ ጭስ የሚገቡ ከሆነም ያቆዩት፤ ከሰል ላይ ጎንበስ ብሎ ቡና ማፍላቱንም ለሌላ ሰው ይተዉት። ፀጉርዎን ቅቤ መቀባት የሚወዱ ከሆነ ይህን ሳምንት ይዝለሉት፤ ቀልጦ ወደ ግንባር የሚወርደው ቅቤ ገና ባልተደፈኑት ቀዳዳዎች ይገባል። እሬት፣ እርድ፣ ሎሚና ማር መቀባትም እንዲሁ ይቅር። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ ቆዳው እስኪድን ቀኑን ያርቁት።

ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ቆዳው ሊደርቅና ሊላጥ ይችላል፤ አይላጡት። ለስላሳ ሳሙናና ሽታ የሌለው ማለስለሻ ይበቃል። ትሬቲኖይንና አሲድ ያላቸው ክሬሞች ከአንድ ሳምንት በኋላ ይመለሳሉ።

ሰንስክሪን ከማግስቱ ጀምሮ ግዴታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐይዋ ትለበልባለች። የመከላከያ መጠኑ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ይምረጡ። ለማድያትና ለጥቁር ነጠብጣብ ለሚጋለጥ ቆዳ ደግሞ ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የያዘው ይሻላል፤ ከሚታየው ብርሃንም ይከላከላል። ባርኔጣ ወይም ነጠላ መከናነብ ተጨማሪ ጋሻ ነው።

ደረጃ 8፦ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ማበጥ ከ1 እስከ 3 ቀን፣ መበለዝ ከሳምንት ትንሽ በላይ ቢቆይ የተለመደ ነው። የሚከተሉት ግን የተለመዱ አይደሉም፦

• በሚወጋበት ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ የዓይን ብርሃን መደብዘዝ ወይም መጥፋት፣ ኃይለኛ የዓይን ሕመም፣ የቆዳ መንጣት ወይም እንደ መረብ ያለ ሰማያዊ መልክ መያዝ። ይህ በደቂቃ የሚለካ ድንገተኛ ነው፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

• ከ3ኛው ቀን በኋላ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም መግል።

• የውሃ ቋጠሮ ያለው የሚያቃጥል ሽፍታ። ምች ሊሆን ይችላል።

• ለሳምንታት የማይጠፋ ጠንካራ እብጠት ወይም እየጠቆረ የሚሄድ ቆዳ።

ቱቦው ስም ያልነበረው፣ መርፌው እፊትዎ ያልተከፈተ ሆኖ ኋላ ላይ ከጠረጠሩ ዝም ብለው አይቀመጡ። በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሱ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ሊጀመርልዎ ይችላል፤ የሄፓታይተስ ምርመራም ያድርጉ።

ደረጃ 9፦ ውጤቱን በራስዎ ይፍረዱ

በመጀመሪያው ሳምንት ፊትዎ ሞልቶና ፈክቶ ቢያዩት አይቸኩሉ፤ ያ እብጠት ነው። አዲስ ኮላጅን ለመሠራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ለውጥ ካለ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ መታየት ይጀምርና ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይጎላል። የተለመደው መርሐ ግብር ከ4 እስከ 6 ሳምንት እየተራራቀ የሚሰጥ 3 ዙር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠቅመው ሰው በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ አንድ ይደግማል።

ከሦስተኛው ዙር 3 ወር በኋላ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት፣ ሳይቀቡ እንደገና ፎቶ ያንሡ። የቀድሞውንና የአሁኑን ፎቶዎች ቀን የሚያሳየውን ምልክት ሸፍነው፣ መሠራትዎን ለማያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ያሳዩና “የቱ ይሻላል?” ብለው ይጠይቁ። መስታወት ፊት የቆመና የከፈለ ሰው ለራሱ ያዳላል፤ በደረጃ 1 የተጠቀሰው ጥናት ተመራማሪዎችም ከገምጋሚዎቹ ምስጢሩን የደበቁት አድልዎን ለማስቀረት ነው። ሁሉም አዲሱን ከመረጡ ሕክምናው ለእርስዎ ሠርቷል፤ የማስቀጠያውን ዙር በልበ ሙሉነት ያቅዱ። መለየት ካቃታቸው ግን አራተኛ ዙር አይግዙ፤ “ትንሽ ዙር ቀረህ” ቢሉዎትም አይታለሉ። የሚቀረው ገንዘብ ለዓመት የሚበቃ ሰንስክሪንና ማታ የሚቀቡት ትሬቲኖይን ይገዛል።